ዕድራችን ለሬሳ ብቻ ነውን?

ባለፈው ሰኞ በምግብ አዳራሹ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ለታመመው ወንድማችን መርጃ የሙዚቃ ምሽት እንደሚደረግ፥ ፎቶግራፉ በትልቁ ታትሞ በግቢው በር እንደሚሰቀል፥ በጎ ፈቃደኞችም ሣጥን ይዘው ከጧት እስከ ማታ እንደሚቆሙ ይናገራል። ማስታወቂያውን የጻፉት ወንድሞችና እኅቶች ልባቸው ቅን መሆኑን እናውቃለን፤ ከመካከላቸው ባለፈው ሴሚስተር ከእኛ ጋር ሣጥን ተሸክመው ፀሐይ የመታቸው አሉ። ሆኖም እንቃወማለን። የምንቃወመው የገንዘቡን መሰብሰብ አይደለም፤ አሰባሰቡን ነው። የምንቃወመውም እኛው ራሳችን በዚሁ መንገድ ሰብስበን መጨረሻውን ስላየነው ነው።

ነገሩን ያልሰማ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ እንንገረው። ወንድማችን የኩየራ ልጅ ነው። ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ ሲወርዱ፥ ሻሸመኔ ሳይገቡ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለችውን ያችን ትንሽ ከተማ በአውቶቡስ መስኮት ያላያት የደቡብ መንገደኛ አይኖርም። ስሙን አንጽፍም፤ ለምን እንደማንጽፍ ወደ ኋላ ይገባችኋል። ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር አንገቱ ሥር ንፍፊት ወጣበት። አያምም፥ አይቀላም፥ ያድጋል ብቻ። ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበው ጀመር፤ ሱሪውም ሰፋው። ሐኪሞች አስቀድመው የጠረጠሩት የንፍፊት ቲቢን ነበር፤ በአገራችን ይህ በሽታ ብዙ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። መድኀኒት ተጀመረለት፤ እብጠቱ ግን አልሰማም። በመጨረሻ ከንፍፊቱ ተቆርጦ ሲመረመር የሆጅኪን ሊምፎማ ሆኖ ተገኘ። ቋንቋችን ሁለቱን በሽታዎች ባንድ ስም ሲጠራ ኖሯልና፥ ይህም ነቀርሳ ያም ነቀርሳ ነውና፥ እናቱ «ነቀርሳ ነው» ሲባሉ «እሱንማ፥ መድኀኒቱን ጀምሮ የለም ወይ?» ብለው መለሱ። ያን ቀን ያስረዳቸው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ አታስነግሩኝ ብሏል።

ስለ በሽታው አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ክርክራችን ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ቶማስ ሆጅኪን የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1832 የጻፈለት ይህ ካንሰር ወጣቱን የሚይዝ ነው፤ ነገር ግን ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በሕክምና ደኅና አድርገው ከሚድኑት አንዱ ነው። መድኀኒቱና ሐኪሙ በተሟሉበት አገር ከመቶ ሕመምተኞች ከሰማንያ የሚበልጡት ይድናሉ። እንግዲህ በየመኝታ ክፍሉ «ለማይቀር ሞት ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይረባል?» እያሉ የሚያንሾካሽኩ ሰዎች ካሉ፥ አሉም፥ ይህን ቁጥር ደጋግመው ያንብቡት። ወንድማችን ቢሞት መድኀኒት ያልተገኘለት በሽታ ይዞት አይደለም፤ የተገኘውን መድኀኒት እኛ ሳናደርስለት ቀርተን ነው።

ሕክምናው አራት ዓይነት መድኀኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ነው። በየ14 ቀኑ ይወስዳል፤ ሙሉው 12 ጊዜ ነው፤ ስድስት ወር መሆኑ ነው። እስካሁን ስድስቱን ወስዷል። አሁን ከአሥራ ሁለቱ ጉዞዎች አንዱን ብቻ እንቁጠር።

ከኩየራ አዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብቻውን መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ሁለት ቲኬት። በደረሰ ማግስት ደሙ ይመረመራል። ነጭ የደም ሕዋሱ ወርዶ ከተገኘ መድኀኒቱን ሊወስድ አይችልምና «ሳምንት ተመለስ» ይባላል፤ አንድ ጊዜ ተብሎ ነበር፤ ያ ጉዞ በከንቱ ቀረ፤ የአልጋውም ኪራይ እንዲሁ። ደሙ ደኅና ከሆነ ደግሞ ከአራቱ መድኀኒቶች አንዱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ አልቆ ይገኛል። ያን ጊዜ አስታማሚው የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይሮጣል፤ ካገኘም በሆስፒታሉ ዋጋ አያገኘውም። ከመድኀኒቶቹ ውስጥ ከቅዝቃዜ መውጣት የሌለበት ስላለ በፌስታል በረዶ ይዞ በታክሲ መመለስ አለበት። ሰዓታት ተኝቶ መድኀኒቱን ይወስዳል። ማስመለሱ የሚጀምረው ማታ ነው፤ እንዲህም ሆኖ በማግስቱ አውቶቡስ ይሳፈራል። መስኮት ይከፈትልን ቢባል «ብርድ ያስመታናል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። በሦስተኛው ጉዞ ሞጆ ላይ ወርደው መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ እቤት ገብቶ ትንሽ እህል መቅመስ ሲጀምር አሥራ አራተኛው ቀን ይደርሳል።

አንባቢ ሆይ፥ የበሽታው ቀን መቁጠሪያ ይህ ነው። የእኛስ ርኅራኄ ቀን መቁጠሪያ የትኛው ነው?

ሳናፍር እንናገር። ወሬው በተሰማበት ሳምንት ግቢው ሁሉ አለቀሰ። ሣጥን ተሠራ፤ ከመኝታ ክፍል መኝታ ክፍል ዞረን፤ መምህራን ቢሮ ገባን፤ በቴሌብር የላኩም ብዙ ነበሩ። ያ የመጀመሪያው ገንዘብ ሦስት ጉዞ ቻለ። ከወር በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ስንዞር የተገኘው አንድ ጉዞ ቻለ። ሦስተኛ ጊዜ ስንዞር «ደግሞ መጣችሁ?» ተባልን፤ የተገኘውም ከኩየራ ባቱ የሚያደርስ አልነበረም። በመዝገባችን ላይ በገዛ እጃቸው ስማቸውንና የሚሰጡትን መጠን ጽፈው እስከ ዛሬ ያልሰጡ አሉ። ከተማሪም አሉ፥ ከመምህራንም አሉ። ስም አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። እነርሱንም ቢሆን ክፉዎች ናቸው አንልም። በዚያ ሳምንት ከልባቸው አዝነው ነበር። ኀዘን ግን እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ በአንድ ቀን ድልድይ ያፈርሳል፥ በሳምንቱ አሸዋ ብቻ ይታያል። በየ14 ቀኑ የሚከፈል ዕዳ በእንዲህ ያለ ውኃ አይጠጣም። መድኀኒቱ መካከል ላይ ቢቋረጥ ደግሞ የወጣው ገንዘብ ሁሉ እንዳልወጣ ከመሆኑም በላይ፥ በሽታው ሲመለስ ያው መድኀኒት እንደ መጀመሪያው ላይሠራለት ይችላል። የሙዚቃ ምሽቱ ተሳክቶ ሁለት ጉዞ ቢችል፥ ለቀሩት አራት ጉዞዎች ምን ልንዘፍን ነው?

ስለ ፎቶግራፉ ደግሞ ትንሽ እንቆይ።

በአዲስ አበባም፥ በአዳማም፥ በሻሸመኔም ያየነው ነው። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ይጫናል፤ በጎኑ የሕመምተኛው ሥዕል ይሰቀላል፤ ሥዕሉ ባሳዘነ መጠን የተሻለ ነው ይባላል፤ ከሥሩ የሐኪም ማስረጃ በማኅተም ይለጠፋል። ድምፅ ማጉያው «እዩት፥ ተመልከቱት፥ ነገ በእናንተም!» እያለ ይጮኻል። ይህን የሚያደርጉ ቤተ ሰቦች ሌላ በር ስለ ተዘጋባቸው ነውና አንዳች ቃል አንናገራቸውም። እኛ ግን ሦስት ዓመት አብሮን በአንድ አግዳሚ ላይ የተማረውን፥ ማስታወሻውን የተዋሰነውን ልጅ ለማዳን ሥዕሉን አይተን ማልቀስ ያስፈልገናልን? ስለ ማስታወቂያው በስልክ ስንነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎም «ፎቶዬን አታውጡት፤ ከዳንኩ በኋላም የምታዩኝ በእሱ ነው» አለ። በዚህ ጽሑፍ ስሙ ያልተጠራው ስለዚህ ነው። ፀጉሩ ይበቅላል፥ ክብደቱም ይመለሳል፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ «ያ ያዋጣንለት ልጅ» ተብሎ መጠራቱ መድኀኒት የለውም።

«ሰው ካላየ አይሰጥም» የሚሉን ወዳጆቻችን የወሎን ረኀብ ይጠቅሳሉ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢ ባይታዩ ኖሮ ተማሪው አይነሣም ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ባያነሣ ኖሮም ዓለም አይሰማም ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ግን ያ ሥዕል የታየው መንግሥት የለም ብሎ የሸሸገውን ነገር ለመግለጥ ነበር። የወንድማችንን ሕመም የሸሸገ ማን አለ? ሁላችን እናውቃለን። የማያውቀውን ለማሳወቅ የታየ ሥዕልና፥ የሚያውቀውን ኪሱን እንዲዳስስ ለመጎትጎት የሚሰቀል ሥዕል አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ኩየራ እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን በዚያ ያየነው ነገር ነውና።

ሦስተኛው መዋጮ በከሸፈብን ሰሞን ከመካከላችን ሦስታችን ወላጆቹን ልንጠይቅ ኩየራ ወረድን። እሑድ ነበር፤ የሰፈሩ ዕድር ተሰብስቦ ነበርና እንድንናገር ተፈቀደልን። ጉዳዩን አስረዳን። የዕድሩ ዳኛ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ በትዕግሥት ሰምተው «ልጆቼ፥ የምትሉት ልብ ይበላል፤ ደንባችን ግን ለቀብር ነው፥ ለሕመም የሚል የለበትም» አሉን። መቼም የተማርን ነንና ይህን መልስ አስቀድመን ጠብቀነው ነበር፤ በልባችንም «ኋላ ቀርነት» ብለን ለመነሣት አሰብን። በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሥተው «ለመሆኑ ይህ ልጅ ቢሞት ስንት ነው የምንሰጠው?» ብለው ጠየቁ። ገንዘብ ያዡ ከነድንኳኑ ከነንፍሮው ቆጥሮ ነገራቸው። «እንግዲያውስ እሱኑ አሁን ስጡት» አሉ። ቤቱ ተንጫጫ። አንድ አባት «የቀብር ገንዘብ በቁሙ መስጠት ሟርት ነው» ብለው ተቆጡ። እኒያ እናት ግን አልተቀመጡም። «ሟርቱስ ጥሩምባ ነፊው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው» አሉ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ተባለ። በመጨረሻ ለአንድ ቀብር የሚከፈለው ገንዘብ በሙሉ ለልጁ ሕክምና እንዲሰጥ፥ ወደፊትም በጠና ለታመመ አባል እንዲሁ እንዲደረግ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ማንበብ የማይችሉ አባላት በጣታቸው ፈረሙ። የልጁን ፎቶግራፍ አሳዩን ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ኩየራ በአንድ እሑድ የወሰነችውን ዩኒቨርሲቲያችን ይኸው በስንት ስብሰባ መወሰን አቅቶታል! የሚያስገርመው ደግሞ መምህራኖቻችንና የአስተዳደር ሠራተኞች የሠራተኛ ዕድር አላቸው፤ በየወሩ ከደመወዛቸው ለቀብር ይቆረጣል፤ ስለዚህ መቁረጫውም፥ መዝገቡም፥ ገንዘብ ያዡም አሉ። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለሬሳ በየወሩ ሳያጉረመርም የሚከፍል ሰው ለነፍስ ሲጠየቅ ለምን በጎ ፈቃድ ይባላል?

ነገሩን ከውጭ አገር መማር አያስፈልገንም። የአርሲና የቦረና ኦሮሞ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ሂርጳ አዋጥቶ ያቋቁመዋል፤ ቡሳ ጎኖፋ የሚባለውም ሥርዐት ከዚሁ የመጣ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል በሕግ ጽሕፈት ቤት አቋቁሞለታል። በዚህ ሥርዐት ከብት የተሰጠው ሰው የተመጸወተ አይባልም። ትናንት ሰጥቷል፥ ነገም ይሰጣል፤ ዛሬ ተራው የመቀበል ስለሆነ ይቀበላል። አንገቱን ቀና አድርጎ ይነዳቸዋል። እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ከጎናችን ያሉ አንዳንድ ጓደኞች ደግሞ ፈጽሞ በሌላ በኩል ይነቅፉናል። ሕክምና የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሣጥን ማዞር መንግሥትን ከተጠያቂነት ያወጣል ይላሉ። የመጀመሪያውን ቃል እንቀበላለን። አገራችን ለረጅም ዓመታት ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የጨረር ሕክምና የምትሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ሕመምተኛው ተራ ለማግኘት ወራት ይጠብቅ ነበር፤ ጂማን በመሳሰሉ ከተሞች የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ደመወዝተኛውን የሚመለከተው ሥራ ለዓመታት ሲተላለፍ ቆይቷል። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ገበሬውን ብዙ ጠቅሟል፤ ሆኖም መድኀኒት ባለቀበት ፋርማሲ የመድኑ ካርድ ወረቀት ነው። ይህን ሁሉ መናገር አለብን፤ እንናገራለንም። ነገር ግን አዋጁ እስኪሠራ ሊምፎማ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ቃላቸው ደግሞ በታሪክ ሐሰት ነው። በዌልስ አገር ትሬዲጋር የምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ አለች። የዚያች ከተማ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1890 ማኅበር አቋቁመው፥ ከደመወዛቸው ከእያንዳንዱ ፓውንድ ሦስት ሦስት ሳንቲም እያዋጡ ሐኪም ቀጠሩ፥ መድኀኒት ገዙ፥ ሆስፒታል አካሄዱ። የታመመ የማዕድን ሠራተኛ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ባለ መብት ሆኖ እንጂ ለማኝ ሆኖ አልነበረም። የዚያች ከተማ ተወላጅና ራሱም ማዕድን ቆፋሪ የነበረው አኑሪን ቤቫን በማኅበሩ የሆስፒታል ኮሚቴ ውስጥ ሠርቷል። ይኸው ሰው የጤና ሚኒስትር በሆነ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1948፥ መላው የብሪታንያ ሕዝብ በነፃ የሚታከምበትን አገልግሎት ሲያቆም አርአያው የትውልድ ከተማው ማኅበር ነበር። እንግዲህ መዋጮው መንግሥትን ከግዴታው አወጣውን? ወይስ ግዴታው ምን እንደሆነ አሳየው?

በአገራችንም አለ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ማቲዎስ የሚባል ሕፃን ልጃቸው በደም ካንሰር ሞተባቸው። ሰው ሁሉ ከኀዘን በኋላ እንደሚያደርገው ድንኳኑን ነቅለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚባለው ነው። ለሕክምና ከገጠር አዲስ አበባ መጥቶ ማደሪያ ያጣ ሕመምተኛ ዛሬ ማረፊያ የሚያገኝበትን ቤት ከፍተዋል። የአልጋ ኪራይ በስድስት ጉዞ ስንት እንደሚበላ እኛ አሁን ስለምናውቅ፥ ይህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሙዚቃ ምሽቱ ይቅር፤ ወይም ለመዝናኛ ብቻ ይሁን፤ ሙዚቃ አንጠላም። በምትኩ የሕሙማን መረዳጃ ዕድር ይቋቋም። እያንዳንዱ ተማሪ በየወሩ 20 ብር ይክፈል፤ መምህራን ፈቃዳቸው ሆኖ ከደመወዛቸው ከመቶ አንድ እጅ ይቆረጥላቸው። 20 ብር የከበደው ተማሪ ቢኖር፥ እንደሚኖርም እናውቃለን፥ ለታመመ በማስታመም ወይም መድኀኒት ፈልጎ በማምጣት ይክፈል፤ ይህ ከገንዘቡ አይተናነስም። የታመመ አባል የሚያመለክተው ለሦስት ሰዎች ብቻ ነው። ማስረጃውን የሚያዩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ አይተውም ይዘጉታል። «አጭበርባሪ ይገባል» ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው፤ ሦስት ጠንቃቃ ሰዎች ከሦስት ሺሕ አልቃሾች የተሻለ ይመረምራሉ። ሒሳቡ በየወሩ በዚህ ጋዜጣ ይወጣል፤ የሕመምተኛው ስም አይወጣም።

አንድ ነገር እንጨምር። ወንድማችን ይህን ሐሳብ በሰማ ጊዜ «እኔም ልክፈል?» ብሎ ጠየቀን። ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው አይከፍልም ብለን ነበር፤ አልሰማንም። የመጀመሪያው የ20 ብር ደረሰኝ የተቆረጠው በእሱ ስም ነው፤ ገንዘቡን የላከልን ከስድስተኛው መድኀኒት በተመለሰ በአራተኛው ቀን ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው ሐሙስ ከቀኑ በ11 ሰዓት በትልቁ አዳራሽ ይሆናል። ሰባተኛው መድኀኒት የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው፤ ለደም ምርመራው ሰኞ ሌሊት በ10 ሰዓት ከኩየራ ይነሣሉ። የመኪናውና የአልጋው ገንዘብ በእጃችን ነው። የመድኀኒቱ ገና ነው።